በርክሌይ ወይስ ዩሲኤልኤ? ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ ዘንድሮ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ግቢዎች፣ ከበርክሌይም ከሎስ አንጀለሱ ከዩሲኤልኤም ተቀባይነት አገኘች። የምንኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ሐሳቧ ባዮሎጂ አጥንታ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት ነው። ወንድሜ በርክሌይ ከዓለም አምስተኛ ነው ብሎ ሰንጠረዥ ያሳየኛል። የባለቤቴ እህት ደግሞ ከአሜሪካ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንደኛው ዩሲኤልኤ ነው ትላለች፤ እሷም ሰንጠረዥ ይዛለች። ማንኛቸው ናቸው ትክክል? በትምህርት ዝናው የእውነት የሚበልጠው የቱ ነው?»

ምላሽ፦ ሁለቱም በያዙት ሰንጠረዥ ልክ ትክክል ናቸው። ወንድምዎ የያዙት በሻንጋይ የሚዘጋጀውን የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሰንጠረዥ ይመስለኛል፤ እዚያ ላይ በርክሌይ ከመጀመሪያዎቹ አስር ወጥቶ አያውቅም፣ በ2023ም በ2024ም አምስተኛ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።) የባለቤትዎ እህት የያዙት ደግሞ ዩኤስ ኒውስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት የሚያወጣውን የአገር ውስጥ ሰንጠረዥ መሆን አለበት። የ2025 እትሙ ዩሲኤልኤን 15ኛ፣ በርክሌይን 17ኛ አድርጎ ነበር፤ ከእነሱ በላይ ያሉት ሁሉ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ ዩሲኤልኤ በዚያ እትም ከመንግሥቶቹ ብቻውን አንደኛ ሆነ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት እትሞች ሁለቱ እኩል ነበሩ፤ በ2023ቱ እኩል 20ኛ፣ በ2024ቱ እኩል 15ኛ።

የእኔን መልስ ከፈለጉ፣ በተመራማሪዎች ዘንድ ባለው የትምህርት ዝና በርክሌይ ይበልጣል። ይህን ለማለት ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አያስፈልገኝም። ነገር ግን ያ ብልጫ የሚታይበት ቦታና ልጅዎ የምትማርበት ክፍል አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያ ዲግሪ፣ ያውም ሐኪም ለመሆን ለምትዘጋጅ ልጅ፣ የሁለቱ የዝና ልዩነት ውሳኔውን ሊያዘነብለው አይገባም። ለምን እንደምል ላስረዳ፤ የኮሌጅ ምርጫ በማማከር ሥራዬ ይኸው ጥያቄ ስሙን እየቀያየረ ስለሚመጣብኝ ትንሽ ብረዝም ይታገሡኝ።

የበርክሌይ ብልጫ በመጀመሪያ የዕድሜ ብልጫ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተቋቋመው በ1868 ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት «ዩኒቨርሲቲው» ሲባል በርክሌይ ማለት ነበር። ሎስ አንጀለስ የነበረው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም በ1919 ተጠቃለለና «የደቡብ ቅርንጫፍ» ተባለ፤ የዛሬው ዩሲኤልኤ እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ ከመምህራን ሥልጠናው ሌላ የሁለት ዓመት ትምህርት ብቻ ነበር የሚሰጠው። ዛሬ ወዳለበት ዌስትዉድ የተዛወረው በ1929 ነው፣ ዶክትሬት እንዲሰጥ የተፈቀደለት በ1936። ደቡቡ ለዚያ ፈቃድ ደጅ ሲጠና፣ ሰሜን ላይ ኧርነስት ሎውረንስ የአቶም ቅንጣቶችን የሚያፋጥነውን መሣሪያ፣ ሳይክሎትሮኑን ሠርቶ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲን በፊዚክስ ዓለም ፊት አቁሞት ነበር፤ በ1939 ኖቤል ተሸለመበት። ከዚያው ቤተ ሙከራ ዙሪያ ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ ፕሉቶኒየምን አገኙ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ 97ኛውንና 98ኛውን ንጥረ ነገር፣ ስማቸውንም በርክሊየምና ካሊፎርኒየም አሏቸው። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ስሙን ያስጻፈ ዩኒቨርሲቲ ጋር በዝና መፎካከር ቀላል አይደለም።

በ1966 የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት ያወጣውና አለን ካርተር የመራው የዶክትሬት ፕሮግራሞች ግምገማ በርክሌይን በአገሪቱ ከሁሉም በላይ የተመጣጠነ ጥራት ያለው ዩኒቨርሲቲ አድርጎ አስቀመጠው። እዚህ ላይ «የተመጣጠነ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ሌሎች በሁለት ሦስት መስክ ይገንናሉ፤ በርክሌይ በኬሚስትሪም በታሪክም፣ በስታቲስቲክስም በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍም፣ በኢንጂነሪንግም በሶሲዮሎጂም ከፊተኞቹ ነበር፤ ዛሬም ነው። የዝናው ምሰሶ ይህ ስፋት ነው። ዩሲኤልኤ በብዙ መስክ ይደርስበታል፣ በአንዳንዱም ይቀድመዋል፤ በሁሉም መስክ በአንድ ጊዜ ግን አይደለም።

አሁን ሌላውን ጎን ይመልከቱ። ሁለቱን የሚያስተዳድረው አንድ የበላይ ቦርድ ነው፤ ሬጀንቶቹ። የመምህራን የደመወዝ እርከን የጋራ ነው፣ መምህራን ለዕድገት የሚመዘኑበት ሥርዓትም የጋራ ነው። መሠረታዊውን የትምህርት ክፍያ የሚወስነውም ያው ቦርድ ነው። በ1949 ቦርዱ መምህራን ኮሚኒስት አለመሆናቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ባዘዘ ጊዜ፣ በ1950 የተባረሩት 31 መምህራን ከአንድ ግቢ ብቻ አልነበሩም። የ1960ው የካሊፎርኒያ የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ (ማስተር ፕላን) ደግሞ ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በጠቅላላ ከክፍለ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ጨራሾች ከላይ ያሉትን 12.5 በመቶዎቹን የመቀበል ኃላፊነት ሰጠ፣ የዶክትሬትንም ትምህርት ለእሱ አስከበረ። ዕቅዱ አንዱን ግቢ የበላይ ሌላውን የበታች አላደረገም። እና ሰዎች እንደ ባላንጣ የሚያነሷቸው እነዚህ ሁለቱ ታላቅና ታናሽ ናቸው፤ የሚበሉት ከአንድ መሶብ ነው።

ወደ ሰንጠረዦቹ ልመለስ፤ ቤተሰቡን ያከራከሩት እነሱ ናቸውና።

የሻንጋዩ ሰንጠረዥ በ2003 ሲጀመር ዓላማው የቻይና ዩኒቨርሲቲዎች ከዓለም ታላላቆች ምን ያህል እንደሚርቁ መለካት ነበር። ከ100 ነጥብ 10ሩ ተመራቂዎቹ ላገኙት የኖቤልና (ለሒሳብ የሚሰጠው) የፊልድስ ሽልማት፣ 20ው መምህራኑ ላገኙት ተመሳሳይ ሽልማት፣ 20ው በብዛት ለሚጠቀሱ ተመራማሪዎች፣ 20ው «ኔቸር» እና «ሳይንስ» በተባሉት መጽሔቶች ላይ ለወጡ ጽሑፎች፣ 20ው ለጠቅላላ የምርምር ጽሑፍ ብዛት፣ የቀረው 10 እነዚህ ሁሉ በመምህራን ቁጥር ተካፍለው ይሰጣል። ስለማስተማር የሚጠይቅ አንድም መስመር የለበትም። ልጅዎ አንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ስንት መቶ ሆና እንደምትቀመጥ፣ ጥያቄዋን ማን እንደሚመልስላት ሰንጠረዡ አያውቅም፣ ሊያውቅም አልተሠራም። ወንድምዎ «አምስተኛ» ሲሉ በምርምር አምስተኛ ማለታቸው ነው፤ በዚያ ልክ ከተወሰደ የሚናቅ ነገር አይደለም።

ደግሞ ሽልማቱ እንዴት እንደሚቆጠር ይመልከቱ። ዊላርድ ሊቢ የቅሪቶችን ዕድሜ በካርቦን 14 የሚለካውን ዘዴ በመፈልሰፉ በ1960 የኬሚስትሪ ኖቤል አገኘ። የመጀመሪያ ዲግሪውንም ዶክትሬቱንም የሠራው በርክሌይ ነው። ዘዴውን የፈለሰፈው ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። ሽልማቱ ሲደርሰው ግን ዩሲኤልኤ ከገባ ገና ዓመት ገደማው ነበር፤ በሻንጋዩ ደንብ ደግሞ የመምህርነቱ ነጥብ የሚሰጠው ሽልማቱ በተሰጠ ጊዜ ለነበረበት ተቋም ነው። ሦስት ቦታ የተሠራ ዝና የመምህርነት ነጥቡ አንድ ቦታ ተመዘገበ ማለት ነው። ይህን የምለው ዩሲኤልኤን ለማሳነስ አይደለም፤ ሊቢን የመሰለ ሰው መሳብ መቻል ራሱ የዝና ምልክት ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር መዘግየቱ ነው። በ2025 የፊዚክስን ኖቤል ከወሰዱት ሦስት ሰዎች አንዱ የበርክሌዩ ጆን ክላርክ ነው። ሁለቱ ሌሎች፣ ሚሼል ደቮሬና ጆን ማርቲኒስ፣ ያኔ በእሱ ቤተ ሙከራ የነበሩ ናቸው፤ አንዱ ዶክትሬቱን ጨርሶ የመጣ ጀማሪ ተመራማሪ፣ ሌላው የዶክትሬት ተማሪ። ሙከራዎቹ የተሠሩት ግን በ1984 እና በ1985 ነው። ዛሬ «በርክሌይ ዘንድሮም ኖቤል አገኘ» ብለን የምናደንቀው የአርባ ዓመት ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የሕክምናውን ኖቤል ከተካፈሉት አንዱ ፍሬድ ራምስዴል ዶክትሬቱን ያገኘው በ1987 ከዩሲኤልኤ ነው። ዝና ስለትናንት ነው የሚነግረን። ስለዛሬ የሚነግሩን በጥሩ ቤተ ሙከራ የተቀመጡና ገና ስማቸውን የማናውቃቸው ወጣት መምህራን ናቸው፤ እነሱን የሚቆጥር ሰንጠረዥ ደግሞ የለም።

ሌሎቹ ሰንጠረዦች ይህን ክፍተት የሞሉት ሰው በመጠየቅ ነው። ኪውኤስ በየዓመቱ ከ100 ሺህ በላይ የምሁራን ምላሽ ይዞ «በመስክዎ ታላላቆቹ እነማን ናቸው» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያወጣል፤ ታይምስ ሃየር ኤዱኬሽንም የራሱ ጥናት አለው፣ ከጠቅላላ ነጥቡ አንድ ሦስተኛ ገደማው ከዚያ ይመጣል። ዩኤስ ኒውስ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንቶችንና የቅበላ ኃላፊዎችን ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን ከ1 እስከ 5 ነጥብ እንዲሰጧቸው ይጠይቃል፤ ይህ ብቻውን ከነጥቡ 20 በመቶ ነው። አንድ የቅበላ ኃላፊ በሺህ ማይል ርቀት ላይ ስላለ ዩኒቨርሲቲ የማስተማር ጥራት ምን ያውቃል? ስሙን ያውቃል። ያለፈው ዓመት ሰንጠረዥ ላይም አይቶታል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ዝናን ይለካል፣ ዝናው ደግሞ ከሰንጠረዡ ይቀዳል፤ እንዲህ እየተባለ ዓመት ይዞራል።

ወንድምዎንና የባለቤትዎን እህት አንድ ላይ ሲያገኙ ይህን ይንገሩልኝ። ኪውኤስ በ2023 እትሙ በርክሌይን 27ኛ አደረገው፣ በ2024 እትሙ 10ኛ። በአንድ ዓመት ውስጥ 17 ዩኒቨርሲቲ አለፈ። በርክሌይ ውስጥ በዚያ ዓመት ምን ተደረገ? ለዚያ ዝላይ የሚበቃ ምንም። የተለወጠው ሚዛኑ ነው፦ የመምህርና የተማሪ ጥምርታ ከ20 በመቶ ወደ 10 ወረደ፣ የቀጣሪዎች አስተያየት ከ10 ወደ 15 ወጣ፣ የዘላቂነት፣ የተመራቂዎች የሥራ ውጤትና የዓለም አቀፍ ምርምር ትስስር የሚባሉ አዳዲስ መለኪያዎች እያንዳንዳቸው 5 በመቶ ይዘው ገቡ። ብዙ ተማሪ የሚያስተምር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጥምርታው ይጎዳ ነበር፤ ጉዳቱ በግማሽ ተነሣለት። ዩኤስ ኒውስም በ2024 እትሙ የክፍል መጠንንና የተመራቂዎች ስጦታን ትቶ የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ልጆችን ለምረቃ ማብቃትን ከፍ ሲያደርግ ነው ሁለቱ ከ20ኛ ወደ 15ኛ የወጡት። እኔ እንዲያውም ይህኛው ለውጥ ትክክል ነው ባይ ነኝ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የቆመለት ሥራ እሱ ነውና። ግን የቱም ሕንፃ አልተጨመረም፣ የቱም መምህር አልተቀየረም።

ስለተመራቂዎች ስጦታ ካነሣሁ አይቀር፣ በ2019 ዩኤስ ኒውስ በርክሌይን ለጊዜው ከደረጃ ውጭ አድርጎት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ስጦታ የሚሰጡ ተመራቂዎቹን 11.6 በመቶ ብሎ ሲያሳውቅ ትክክለኛው 7.9 በመቶ ሆኖ ስለተገኘ ነው። የሚገርመኝ ስህተቱ አይደለም። የምሩቃን የኪስ ልግስና ለዓመታት የትምህርት ጥራት መለኪያ ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

በነገራችን ላይ የብዙ ሰው ግራ መጋባት ከሌላ ነገር ይመጣል፤ ከዕውቅና። ዩሲኤልኤ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ብዙ ማመልከቻ የሚጎርፍለት ነው፤ ለ2023 የመጀመሪያ ዓመት ቅበላ ብቻ ከ140 ሺህ በላይ አመልክተውለት ከአሥሩ አንዱን እንኳ አልተቀበለም። በርክሌይም በጣም ጠባብ በር ነው፣ ሆኖም በዚያ ዓመት የተቀበለው ድርሻ ትንሽ ሰፋ ያለ ነበር። ይህን አይቶ «ለመግባት የሚከብደው ይበልጣል» የሚል ሰው ብዙ ነው። የበር ጥበት ግን የፈላጊ ብዛት ነው። ፈላጊውን የሚያበዛው ከተማው ነው፣ የአየሩ ጠባይ ነው፣ ፊልሙ ነው፣ አሠልጣኝ ጆን ዉደን ከ1964 እስከ 1975 ባሉት ዓመታት አሥር ጊዜ ብሔራዊ ዋንጫ ያነሣበት የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። የዩሲኤልኤን ቲሸርት የለበሰ ሰው የትም አገር ያጋጥማል፤ ለባሹ ግን ስለሒሳብ ትምህርት ክፍሉ እያሰበ አይደለም።

ማሰብ ግን ነበረበት። ምክንያቱም የትምህርት ዝና እውነተኛ ቤቱ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ነው። የዩሲኤልኤ ሒሳብ ክፍል በ2006 የፊልድስ ሜዳሊያ ያገኘው ቴረንስ ታዎ ያለበት ነው። ሩዶልፍ ካርናፕና አሎንዞ ቸርች የሥራ ዘመናቸውን ማብቂያ ያሳለፉበት በመሆኑ በሎጂክና በፍልስፍና የቆየ ስም አለው። በኦክቶበር 29፣ 1969 ኢንተርኔትን የወለደው የአርፓኔት የመጀመሪያ መልእክት የተላከው ከሊዮናርድ ክላይንሮክ ቤተ ሙከራ ነው፤ ከዩሲኤልኤ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም። ሁለት ፊደል እንደሄደ መሣሪያው ተቋረጠ እንጂ። በ2020 አንድሪያ ጌዝ በጋላክሲያችን እምብርት ስላለው ግዙፍ አካል ባደረገችው ምርምር ኖቤል ስትካፈል፣ በዚያው ዓመት የበርክሌይዋ ጄኒፈር ዳውድና ለጂን ማረሚያው ክሪስፐር ተሸለመች። በዚያ ዓመት የቱ በለጠ?

ለአማርኛ አንባቢ የሚቀርብ ምሳሌ ልጨምር። ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው በ1955 ዩሲኤልኤ ከገቡ ወዲህ ያ ግቢ ለአማርኛ፣ ለግዕዝና ለሌሎች የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ጥናት በአሜሪካ ዋነኛው ስፍራ ሆነ። በ1960ዎቹ በዚህ መስክ ዶክትሬት መሥራት ለሚፈልግ ሰው ሎስ አንጀለስ ከሃርቫርድም ከበርክሌይም በላይ ነበረች፤ ይህን የሚያሳይ የደረጃ ሰንጠረዥ ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። አንድ ሰው ነው ዝናውን ያመጣው። ሰውየው ጡረታ ሲወጡ የሚተካ ካልተገኘ ዝናው በስም ብቻ ይቀራል። የትምህርት ክፍል ዝና እንዲህ ተሰባሪ ነው፤ ለዚህም ነው የዶክትሬት አመልካች የመምህራኑን ዕድሜና የጡረታ ጊዜ ሳይቀር መጠየቅ ያለበት።

ጥያቄዎ ስለዶክትሬት ቢሆን ኖሮ ምላሼ ሌላ ይሆን ነበር። እዚያ የተቋሙ ስም በእርግጥ ያበላል። በ2022 በ«ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ መምህራን ዶክትሬታቸውን የት እንደሠሩ ቆጥሮ ነበር። በአገር ውስጥ ከሠለጠኑት መምህራን ከስምንቱ ከአንድ የሚበልጡት የወጡት ከአምስት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ነው፦ በርክሌይ፣ ሃርቫርድ፣ ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲን ማዲሰንና ስታንፎርድ። ሦስቱ የመንግሥት ናቸው። ዩሲኤልኤ በአምስቱ ውስጥ የለም። የበርክሌይ ዝና ጥርስ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ለዶክትሬት በመጣ ሰው ላይ። እንዲያም ሆኖ በመስክዎ የተሻለው አማካሪ ዩሲኤልኤ ካለ ወደ አማካሪው መሄድ ነው የሚሻለው።

የልጅዎ ጉዳይ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፣ ዓላማውም ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ማንም በሰንጠረዥ የማይነግርዎት አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በርክሌይ የራሱ የሕክምና ትምህርት ቤት የለውም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና በ1873 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጀምሮ እዚያው ቀረ፤ ዛሬ ዩሲኤስኤፍ የሚባለው ራሱን የቻለ ግቢ ሆኗል። ዩሲኤልኤ ግን የመጀመሪያዎቹን የሕክምና ተማሪዎች የተቀበለው በ1951 ነው፣ ሆስፒታሉም ግቢው ላይ ነው። በጁን 5፣ 1981 ኤድስ ተብሎ የሚጠራውን በሽታ ለዓለም ያስታወቀው የመጀመሪያ ሪፖርት፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስለታዩ አምስት ሕሙማን የተጻፈው፣ ከዩሲኤልኤው ሐኪም ከማይክል ጎትሊብና ከባልደረቦቹ ነበር። ሁለቱን በምርምር በጀት ወይም በጽሑፍ ብዛት የሚያነጻጽር ሰው ይህን ካላወቀ ይሳሳታል፤ አንዱ ሐኪሞችን ቆጥሮ፣ ሌላው ሳይቆጥር ነው የሚመዘኑት። ሐኪም የሌለው በርክሌይ በሻንጋዩ ሰንጠረዥ ከፊት መሆኑም ለዚህ ነው ይበልጥ የሚደነቀው።

ታዲያ ዩሲኤልኤ ትግባ ማለቴ ነው? አይደለም። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መሆኑ ለበጎ ፈቃድ ሥራና ሐኪም ተከትሎ ለማየት ይጠቅማል፣ ግን እሱኑ ቦታ የሚፈልጉ በሺህ የሚቆጠሩ ለሕክምና ትምህርት የሚዘጋጁ (ፕሪሜድ) ተማሪዎች ግቢው ውስጥ አሉ። በርክሌይ ያሉት ደግሞ ኦክላንድና ሳን ፍራንሲስኮ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ይረዝማል እንጂ በሩ አይዘጋም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ደግሞ በመጀመሪያ የሚያዩት ጂፒኤ፣ በተለይ የሳይንስ ኮርሶቹ ጂፒኤ፣ ከዚያም የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናው፣ የኤምካት ውጤት ነው። ከዚያ ልምድና የድጋፍ ደብዳቤ ይመጣል። ከሁለቱ በአንዱ ተምራ ከፍተኛ ጂፒኤ ያላት ልጅ፣ ከሌላው ተምራ ዝቅ ያለ ጂፒኤ ካላት ልጅ ትቀድማለች፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ያንን ክፍተት አይሞላውም። እና ዋናው ጥያቄ ልጅዎ ጥሩ ውጤት ልታመጣ የምትችለው የት ነው የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ የሚሆነው ነገር ተራ ይመስላል። በርክሌይ በሴሚስተር ነው የሚሠራው፣ ዩሲኤልኤ በኳርተር። ኳርተር አሥር ሳምንት ትምህርት ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ላይ የአጋማሽ ፈተና ይመጣል፣ ልጅቷ መምህሩን ሳትላመድ ኮርሱ ያልቃል። ጥሩ ጎኑ፣ የማትወደው ኮርስም ቶሎ ያልቃል፣ በዓመት ብዙ ዓይነት ኮርስም ትሞክራለች። ሴሚስተር ለማገገም ጊዜ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ፈተና ያበላሸች ልጅ ከጊዜ ጋር ልትስተካከል ትችላለች። የጀመረችውን ነገር ቀስ ብላ የምታብላላ ዓይነት ከሆነች ይህ ልዩነት ከየትኛውም ደረጃ ይልቅ ውጤቷን ይነካል። የድጋፍ ደብዳቤን በተመለከተ ደግሞ፣ በሁለቱም ግቢ የመጀመሪያዎቹ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ክፍሎች በመቶዎች የሚቆጠር ተማሪ የሚታጨቅባቸው ናቸው፤ መምህር በስሟ የሚያውቃት ራሷ በቢሮ ሰዓት ስትሄድ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቦታ ስትለምን ነው። ዓይን አፋር ልጅ በሁለቱም ግቢ ልትጠፋ ትችላለች። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎና እናቷ ታውቃላችሁ።

ሐሳቧን ብትለውጥስ? ብዙዎች ይለውጣሉ፤ ሐኪም እሆናለሁ ብሎ ከሚገባው ውስጥ ሳይሆን የሚወጣው ጥቂት አይደለም። ያኔ የበርክሌይ ስፋት ዋጋ ያገኛል፤ ከባዮሎጂ ወደ ስታቲስቲክስ ወይም ወደ ኢኮኖሚክስ ብትዞር የምትደርስበት ክፍል ጠንካራ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ግቢ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስና ወደ ኢንጂነሪንግ ከውስጥ መዛወር በጣም ከባድ መሆኑን ይወቁ። ያ ሐሳብ ከአሁኑ በልቧ ካለ አሁን ትንገራችሁ። በሌላ በኩል ወደ ፊልም፣ ወደ ሳይኮሎጂ ወይም ወደ ሥነ ልሳን ብታዘነብል ዩሲኤልኤ ከማንም የሚያንስ አይደለም።

ወጪውንም ችላ አይበሉት። መሠረታዊው የትምህርት ክፍያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ልዩነቱ የሚመጣው ከእርዳታ ደብዳቤው፣ ከመኖሪያ ቤትና ከጉዞ ነው። ሁለቱን የእርዳታ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ ብድሩንና ሥራ ሠርታ የምታገኘውን ወደ ጎን ይተዉና የማይመለሰውን ስጦታ ብቻ ያነጻጽሩ። ከፊቷ የሕክምና ትምህርት ብድር አለ፤ ዛሬ የሚተርፈው ገንዘብ ያኔ ያስፈልጋታል። አንደኛው ግቢ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር የሚያስቀንስ ከሆነ እኔ ያንን እመርጣለሁ፤ በርክሌይ ሆነ ዩሲኤልኤ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ማረጋገጫ የሚሰጡት እስከ ሜይ 1 ነው። ከዚያ በፊት ከቻላችሁ ሁለቱንም ግቢ በሥራ ቀን ሄዳችሁ እዩ፤ በጉብኝት ቀን ሳይሆን ተራ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ላይ። ልጅዎ ትልቁን የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ክፍል ከኋላ ተቀምጣ ትከታተል፤ ሲወጡ ሁለት ሦስት ተማሪዎችን ይዛ «የጥናት ቡድን ማግኘት ቀላል ነው? ቤተ ሙከራ ውስጥ ለመግባት ስንት ኢሜይል ላካችሁ?» ብላ ትጠይቅ። ወንድምዎና የባለቤትዎ እህት አብረው ባይሄዱ ይመረጣል።